ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ? የእንግሊዝ ሠራተኛ ሴቶች ጊልድና የጅማ ቡና ለቃሚዎች

ጥቅምት ሲጋመስ በጅማ ዙሪያ፣ በማና፣ በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በሊሙ የእሸት ቡና ለቀማ ይጧጧፋል። ቀዩን ፍሬ ከዛፉ የምታወርደው፣ ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆማ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበሳውን የምትለየው፣ ኋላም ከተማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ፍሬ በፍሬ የምትለቅመው በአብዛኛው ሴት ናት። የቡና ገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገብ ሲገለጥ ግን የሚነበበው ስም በአብዛኛው የአባወራው ነው። አባልነት ከመሬት ይዞታ ጋር ስለተያያዘና ለአንድ ጎጆ አንድ አባል ይበቃል የሚል ልማድ ስላለ፣ ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀመጠው፣ እጅ የሚያወጣው፣ የትርፍ ክፍፍሉን ፈርሞ የሚወስደውም እሱ ይሆናል።

ከ140 ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የነበሩ የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስቶችም ይኸው ጉዳይ ነበረባቸው። እነሱ ያቋቋሙት ድርጅት የሴቶች የኅብረት ሥራ ጊልድ ይባላል። ስለ እሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ትልልቅ ድሎቹ ናቸው። ለጅማ ሴቶች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የዕለት አሠራሩ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ስብሰባ እንዴት ይመሩ ነበር፣ ማስረጃ እንዴት ይሰበስቡ ነበር፣ ድጎማ ሲከለከሉስ ምን አደረጉ። (የእንግሊዙን ታሪክ ዓመታት የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን አዋጆች ደግሞ በራሳችን።)

ከሱቅ የተነሣ ማኅበር

በ1844 ሮችዴል በምትባል የሰሜን እንግሊዝ የሽመና ከተማ 28 ሰዎች በሳምንት ሁለት ፔኒ፣ ኋላም ሦስት ፔኒ እየቆጠቡ 28 ፓውንድ አጠራቀሙና ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ይሸጡ ነበር። ትርፉ ለአባላት የሚከፋፈለው ባዋጡት ገንዘብ ሳይሆን በገዙት ዕቃ መጠን ነበር። ዛሬ በየከተማችን ስኳርና ዘይት የምንገዛባቸው የሸማቾች ማኅበራት የዚያ አሠራር የልጅ ልጆች ናቸው።

ከሱቁ የምትገዛው ሴቲቱ ነበረች። ስለዚህ ትርፉን የምታመጣው እሷ ናት። ያገባች ሴት በራሷ ስም ንብረት እንድትይዝ ሙሉ መብት የሰጣት ሕግ የወጣው ግን በ1882 ነው፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ኮሚቴዎችና ጉባኤዎች ውስጥም የሴት ድምፅ አይሰማም ነበር። በ1883 መጀመሪያ የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴው ጋዜጣ ለሴቶች አንድ ዓምድ ከፈተ። አዘጋጇ አሊስ አክላንድ ወንዶች «ኑ፣ ምረጡ፣ ተቹ፣ ሥሩ» ሲባሉ ሴቶች «ኑና ግዙ» ብቻ የሚባሉት ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ዉሊች የምትኖረው አስተማሪ ሜሪ ሎረንሰን ደግሞ ጥያቄው በጋዜጣ እንዳይቀር፣ ማኅበር እናቋቁም አለች። በዚያው ዓመት የኅብረት ሥራ ጉባኤው ኤደንብራ ላይ ሲካሄድ ወደ 50 የሚሆኑ ሴቶች ተሰባስበው ማኅበሩን መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመት ጊልድ የሚለውን ስም ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ ቅርንጫፎች መካከል ሄብደን ብሪጅ፣ ሮችዴልና ዉሊች ይገኛሉ።

ጅምሩ ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ ቅርንጫፎች ስፌት እየሰፉ ከመጨዋወት ብዙም አላለፉም። በ1889 ማርጋሬት ሉዌሊን ዴቪስ ዋና ጸሐፊ ስትሆን አባላቱ ገና 2,000 አይሞሉም ነበር። አባቷ ቄስ ነበሩ፤ የጊልዱ ዋና ቢሮም ለንደን ሳይሆን ከርቢ ሎንስዴል በምትባል የገጠር ከተማ በቄሱ ቤት ውስጥ ነበር። ዴቪስ ደመወዝ ሳትቀበል እስከ 1921 ሠራች፤ ሊሊያን ሃሪስ ሒሳቡንና ጽሕፈቱን ይዛ አብራት ዘለቀች። በ1914 አባላቱ ወደ 32,000፣ ቅርንጫፎቹም ወደ 600 ደረሱ። አባላቱን በቅርንጫፎቹ ብናካፍል በአማካይ ከ50 ትንሽ ከፍ የሚል ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሊተያዩ፣ ሁሉም ሊናገሩ የሚችሉበት ልክ ማለት ነው።

ትምህርቱ ምን ነበር?

በጊልዱ ትምህርት ማለት ስብሰባውን ራሱን መሥራት ነበር። ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ በኅብረት ሱቁ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። አንዷ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅታ ታነባለች፤ ስለ ሸቀጥ ዋጋ፣ ስለ ውኃና ጽዳት፣ ስለ ሕግ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውይይት ይከተላል፣ ውሳኔ ይወሰዳል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከቅርንጫፉ ወደ ወረዳ ስብሰባ፣ ከዚያም ወደ ዓመታዊው ጉባኤ የሚላኩ ተወካዮች ይመረጣሉ። ዋናው ቢሮ ትልቅ ጉዳይ ወደ ጉባኤ ከማምጣቱ በፊት ጥያቄውንና መነሻ ጽሑፉን ለየቅርንጫፉ ይልካል፤ ስለዚህ ተወካይዋ ጉባኤ ላይ ስትቆም የምትናገረው በቅርንጫፏ የተከራከሩበትን ነው። ልጅ አዝላ ከመጣች ሴት እስከ ፓርላማ አጣሪ ፊት የምትቀርብ ሴት ድረስ መንገዱ እንዲህ በደረጃ የተሠራ ነበር።

ይህን ወደ ጅማ ስናመጣ ከመሠረቱ መጀመር አለብን። እቁብ አለን፣ እድር አለን። ሁለቱም የተፈተኑ ናቸው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ዋስና ቅጣት ያውቃሉ። ነገር ግን እቁብ ዕጣው ሲያልቅ ይበተናል፣ የጋራ ገንዘብም አያስቀርም። እድር ደግሞ በአብዛኛው ለሐዘን ነው። የደመወዝ፣ የሚዛንና የአባልነት ጥያቄ ሊቀመጥበት የሚችል አጀንዳ በሁለቱም ውስጥ የለም። ስለዚህ ለብቻው የሚሰበሰብ፣ ከ15 እስከ 25 ሴቶች ያሉበት ቡድን ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ አራት ሴቶች ሲቀሩ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል፤ ከዚያ ከበዛ የሚናገሩት ስድስት ብቻ ይሆናሉ።

የስብሰባው ርዝመት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ቀኑ ሐሙስ አይሁን፣ የገበያ ቀን ነውና፤ ዓርብ ከሆነም የጁምዓ ሰዓት ይጠበቅ፤ በረመዳን ወደ ጠዋት ይምጣ። ቦታውን በተመለከተ ጥብቅ አስተያየት አለኝ፤ በአሠሪው ግቢ ውስጥ ፈጽሞ አይሁን። ጠባቂው ማን ገባ ማን ወጣ እያለ በሚያይበት ቦታ ስለ ሚዛን ደፍሮ የሚናገር የለም።

ሰብሳቢነቱ በዙር ይሁን፤ በየስብሰባው ባይሆን በየወሩ። አንዲት ጎበዝ ሴት ዓመቱን ሙሉ ስትመራ ቡድኑ ይፈጥናል፤ እሷ ስታገባ ወይም አዲስ አበባ ስትሄድ ግን አብሮ ይፈርሳል። ጸሐፊነት ማንበብ ለሚችሉት ብቻ የሚቀር ስለሚመስል በጥንድ ቢሠራ ይሻላል፦ አንዷ ትጽፋለች፣ ያልተማረችው ውሳኔውን በቃሏ ይዛ በስብሰባው መጨረሻ ትደግመዋለች፤ የተጻፈውና የተባለው ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። ቃለ ጉባኤው ቀን፣ የተገኙና የቀሩ ቁጥር፣ አጀንዳ፣ የተወሰነው፣ ማን እስከ መቼ ያስፈጽማል የሚሉትን ከያዘ በቂ ነው። በውይይቱ ማን ምን አለ የሚለውን መጻፍ አያስፈልግም፤ ጠብ ያመጣል። ቋንቋው ደግሞ ሴቶቹ የሚከራከሩበት ይሁን። በአፋን ኦሮሞ ተከራክረው በአማርኛ ብቻ ከተጻፈ ግማሹ ሰው መዝገቡን ሊያጣራ አይችልም።

386ቱ ደብዳቤዎች

በ1911 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ ለወለደች ሴት 30 ሺሊንግ የወሊድ ድጎማ ፈቀደ። ጊልዱ ድጎማው እንዲካተት ከወተወቱት አንዱ ነበር። ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል ግን ገንዘቡ የሚከፈለው ለመድን ገቢው፣ ማለትም በብዛት ለባልየው ሆነ። ብዙ ባሎች አደረሱት፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ ቀረ። ጊልዱ ወዲያው ፊርማ ማሰባሰብ ያዘ፤ በ1913 በተደረገው ማሻሻያ 30ው ሺሊንግ የእናቲቱ ንብረት ተባለ። በፓርላማ ቀላል ያልሆነ ተቃውሞ ነበረበት።

ከዚያ ቀጥሎ የሠሩት ሥራ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። ዋናው ቢሮ በኃላፊነት ላይ ላሉና ለነበሩ ወደ 600 አባላት ደብዳቤ ልኮ ስለ እርግዝናና ወሊድ ጠየቃቸው፤ ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ስንት ሞተብሽ፣ ስንት ጊዜ አስወረደሽ፣ እንዴት ያለ እንክብካቤ አገኘሽ። 386 መልሶች መጡ። በ1915 ከእነዚህ 160ው ታተሙ። አቀራረቡን ልብ ማለት ይገባል። ደብዳቤው በሴቲቱ አነጋገር እንዳለ ሆኖ፣ ከግርጌው የባሏ የሳምንት ደመወዝ፣ የልጆቿ ቁጥር፣ ሞተው የተወለዱትና የወረዱት በአጭሩ ተጽፏል። ስም ግን የለም። ታሪኩ ብቻውን ቢሆን «የአንዲት ሴት ለቅሶ» ይባል ነበር፤ ቁጥሩ ብቻውን ቢሆን ማንም አንብቦ አይጨርሰውም። ሁለቱ በአንድ ገጽ ስለተቀመጡ ባለሥልጣናት ሊገፉት አልቻሉም። በ1918 የእናቶችና የሕፃናት ደኅንነት ሕግ ሲወጣ ይህ ሥራ ከገፋፊዎቹ አንዱ ነበር።

በጅማ መጋዘን ለምትለቅም ሴት ተመሳሳዩ መሣሪያ የግል መዝገብ ነው። ባለ 32 ቅጠል ደብተር ይበቃል። በአምስት ረድፍ ይሰመር፦ ቀን፣ የተረከብኩት ኪሎ፣ የተቆጠረልኝ ኪሎ፣ የኪሎው ዋጋ፣ የተከፈለኝ። ማንበብ የማትችል ሴት ለየኪሎው አንድ ጭረት ታድርግ። ሁለቱን የኪሎ ረድፎች ለይቶ መጻፍ ግድ ነው፤ ክርክሩ ያለው በመካከላቸው ነውና። አንዲት ለቃሚ በቀን 3 ኪሎ ቢጓደልባት በ12 የሥራ ቀን 36 ኪሎ ይሆናል፤ በቀን ሲታይ የማይሰማ፣ በወር ሲደመር ግን የቤት ኪራይ የሚነካ ነው። እርግጥ የተለቀመ ቡና መቀነሱ ራሱ ሌብነት አይደለም፤ የወጣው ጥቁር፣ ስባሪና ገለባ ክብደት አለው። ለዚህ ነው ቆሻሻውም ለብቻ መመዘን ያለበት። ንጹሑና ቆሻሻው ተደምረው የተረከበችውን ካልሞሉ ጥፋቱ ሚዛኑ ላይ ነው። መዝገቡ በዚያው ቀን ማታ ይሞላ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ከትዝታ የተሞላ ደብተር አንድ ጥያቄ አይቋቋምም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የ15 ሴቶች ደብተር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የቅሬታ ሳይሆን የማስረጃ ክምር ይሆናል። ወደ ውጭ ሲወጣ ስሞቹ ይሸፈኑ፤ ሴት 1፣ ሴት 2 እያሉ መጥራት ይቻላል። እንግሊዞቹ ስም ያልጻፉት ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ በሰፈርና በቤት እንዳይጠቁ ነው፤ እዚህም ምክንያቱ ያው ነው።

400 ፓውንዱ

ጊልዱ ለራሱ ለኅብረት ሥራው ሴት ሠራተኞችም ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን እንዲወሰን ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሆኖ ለዓመታት ታግሏል። የጠየቁት ሰንጠረዥ በዕድሜ የተደለደለ ነበር፤ ከ14 ዓመት ልጅ አምስት ሺሊንግ ጀምሮ በ20 ዓመቷ 17 ሺሊንግ በሳምንት ይደርሳል። ትልቁ የኅብረት ሥራ ጅምላ ድርጅት በ1912 ተቀበለው። የራስን ቤት መጠየቅ ከሁሉ ይከብዳል፤ ብዙዎቹ ኃላፊዎች የእነዚሁ ሴቶች ባሎችና ጎረቤቶች ነበሩና።

ከዚያ የፍቺ ጉዳይ መጣ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ባል ሚስቱ ስታመነዝር መፍታት ሲችል፣ ሚስት ግን ከዝሙቱ በላይ ሌላ በደል ማስረዳት ነበረባት። ፍርድ ቤቱም ያለው ለንደን ብቻ ስለነበር ወጪው ለድሃ አይታሰብም። ጊልዱ ቅርንጫፎቹን አወያይቶ በ1910 ለንጉሣዊው አጣሪ ኮሚሽን ምስክርነት ሰጠ፤ የፍቺው ምክንያት ለባልና ለሚስት እኩል ይሁን፣ ወጪውም ይቀንስ አለ። የካቶሊክ ማኅበራት ተቃወሙ። በ1914 የኅብረት ሥራ ኅብረቱ (የማኅበራቱ የበላይ አካል) ቦርድ ለጊልዱ በየዓመቱ የሚሰጠውን 400 ፓውንድ ድጎማ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ የፍቺውን ዘመቻ ካልተወ፣ ወደፊትም ቦርዱ የማይወደውን ሥራ ካልተወ በስተቀር።

ጊልዱ እምቢ አለ። ለአራት ዓመት ያለ ድጎማ፣ በራሱ አባላት ገንዘብ ሠራ፤ በ1918 ድጎማው ያለ ቅድመ ሁኔታ ተመለሰ። እምቢ ማለት የቻሉት ቆራጥ ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ አባላቱ ከትንሿ መዋጮ ጋር ለረጅም ጊዜ የተለማመዱ ስለነበሩ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ሰንደርላንድ አሳይቷል። በ1902 ጊልዱ በዚያች ከተማ በድሆች ሠፈር አንድ ሱቅ እንዲከፈት አደረገ። በጥቂት በጥቂቱ ይሸጣል፣ ትኩስ ምግብ ያቀርባል፣ ዕቃ ከማስያዝ የሚያድን ብድርም አለው። ሱቁ ሰው ነበረው። ነገር ግን ባለቤቱ የከተማው የኅብረት ሥራ ማኅበር ስለነበርና ኃላፊዎቹ ሐሳባቸውን ስለቀየሩ በ1904 ተዘጋ። በሌላ ሰው ሣጥን ላይ የቆመ ነገር ባለቤቱ ሲያሻው ይነሣል። ጊልዱ ሌላም ድክመት ነበረበት፤ ከኅብረት ሱቅ አዘውትረው መግዛት የማይችሉ የመጨረሻ ድሆች ብዙም አልገቡበትም።

ስለዚህ የጅማው ቡድን ሣጥን የራሱ ይሁን። ከ1991 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ከኒጀር ተነሥቶ በአፍሪካ የተስፋፋው የመንደር ቁጠባና ብድር አሠራር እዚህም ይታወቃል። የብረት ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሣጥኑ በአራተኛዋ ቤት ይቀመጣሉ። አባል በየስብሰባው ከአንድ እስከ አምስት ድርሻ ትገዛለች፤ የብድር ጣሪያው የቁጠባዋ ሦስት እጥፍ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ይከፋፈላል። ለምሳሌ 20 ሴቶች በሳምንት በአማካይ 50 ብር ቢያስቀምጡ በወር 4,000 ብር ነው።

በጅማ ይህ አሠራር የሚሰናከልበት ቦታ ይታወቃል። ገንዘብ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ክረምቱ ባዶ ነው። በሰኔ የተወሰደ ብድር በነሐሴ ይመለስ ከተባለ አባሏ ከአራጣ አበዳሪ ተበድራ ትከፍላለች። የመመለሻው ቀን ወደ ኅዳር ይሂድ፤ በክረምት የሳምንቱ ድርሻ ወደ አንድ ይውረድ። ሁለተኛው ወለድ ነው። ብዙዎቹ አባላት ሙስሊሞች ናቸው፤ ወለድ ካለ አንገባም ማለታቸውን መስማት እንጂ መከራከር አያስፈልግም። ወለዱን አስቀርቶ ሁሉም እኩል የሚያዋጣው ትንሽ የማኅበራዊ ፈንድ መዋጮ ማድረግ ይሠራል። ሦስተኛው ዓመታዊ ክፍፍሉ ነው፤ ሁሉም ተከፋፍሎ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ጊልዱ በ1914 ያደረገውን ማድረግ አይቻልም። ከየክፍፍሉ አንድ አሥረኛው የማይነካ ሆኖ ይቅር፤ ለትራንስፖርት፣ ለደብዳቤ፣ ለሕግ አማካሪ ይውላል።

ሕጉ ምን ይሰጣል?

የእንግሊዝ ሴቶች ሕጉን መጀመሪያ ማስወጣት ነበረባቸው። የእኛ ግማሹ ተጽፎ ተቀምጧል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውል በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ መብቱ አይቀርም፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ወቅታዊ ሥራም ውል ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለሠራተኛዋ ራሷ ወይም እሷ ለወከለችው ሰው ነው፤ ስለዚህ «ለባለቤትሽ ሰጥተነዋል» የሚል መልስ እሷ ካልወከለችው አይሠራም። አሠሪው ሠራተኛዋ የምትፈርምበት የክፍያ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለ፤ በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስም ሥራ ማሰናበት ተከልክሏል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ም በሥራና በክፍያ እኩልነትን ይደነግጋል።

የሚጎድለው መዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ ይላል፤ ሚስት አባል ካልሆነች ግን ድምፁ አይመለከታትም። መንገዱ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ በኩል ነው። ደንቡን ማግኘትና የአባልነት አንቀጹን ማንበብ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲመዘገቡ የሚከለክል ቃል እንዳለው መለየት። ካልከለከለ ሚስት የመመዝገቢያውን ከፍላ ቢያንስ አንድ ዕጣ በስሟ ትግዛ፤ ከከለከለ የማሻሻያ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ሐሳቡ በጉባኤው ዕለት «ልዩ ልዩ» ውስጥ ሲወረወር ነው፤ ያኔ ሰው ለመሄድ ተነሥቷል። አስቀድሞ በአጀንዳ መመዝገብ አለበት። ሁለተኛው አባል የሆነችው ሚስት ክፍፍሏ በባሏ የባንክ ሒሳብ ሲገባ ነው፤ የ1911ዱ የ30 ሺሊንግ ስሕተት ይኸው ነው። ዕጣው ሲገዛ የሒሳብ ቁጥሯም አብሮ ይመዝገብ።

ጊልዱ በ1939 ወደ 87,000 አባላት ደርሶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣት መተካት አቃተውና እየቀነሰ ሄዶ በ2016 ተዘጋ። ሴቶቹ ቤት በሚውሉበት ዘመን የተሠራ የስብሰባ ልማድ ወጣቶቹ ሥራ ከገቡ በኋላ ይዞ ለመቆየት የሚከብድ ይመስለኛል፤ የጅማ ቡድኖችም የመጋዘን ሥራ የያዙትን የ18 እና የ20 ዓመት ልጆች ሰዓት ጠይቀው ቀኑን ቢወስኑ ይበጃል።

ቡድን የሚጀመረው በነሐሴ ወይም በመስከረም እንጂ ቡናው ከቀላ በኋላ አይደለም፤ በጥቅምት የሚቀመጥ የለም። በመጀመሪያው ስብሰባ ቀን፣ ቦታና መዋጮ ይወሰናል። በሁለተኛው ሣጥኑ ይገዛል፣ ቁልፍ ያዦች ይመረጣሉ፤ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ቁልፍ ያዥ አይሁን። በሦስተኛው ደብተሮቹ ይሰመራሉ፣ እያንዳንዷም አንድ ቀን ሞልታ ታሳያለች። ለቀማው በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት ደብተሮቹ ይደመራሉ፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ለአሠሪው ወይም ለማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑረው፤ ለምሳሌ ሚዛኑ በሁለት የሴቶች ተወካዮች ፊት ይመዘን የሚል። አሥር ጥያቄ ከተደረደረ ቀላሉ ተመልሶ ዋናው ይቀራል። ደብዳቤው በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በሚቀረው ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ «አልደረሰንም» ቢባል የሚቀርብ ነገር አይኖርም።